የቤታችን ሪከርድ ክፍል

በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ11 ዓመታት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስም ጠሪም ስለነበርኩ፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የ60 እና የ65 ተማሪዎችን ማርክ ከየመምህሩ ተቀብሎ ሮስተር መሙላት፣ አማካይና ደረጃ ማውጣት፣ ካርድ ጽፎ ማኅተም ማስደረግ እጄ የለመደው ሥራ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን የገዛ ልጄ የ10ኛ ክፍልን ሁለተኛ ሴሚስተር ምን ስትማር እንዳሳለፈች የሚያሳይ አንድ ቅጠል ወረቀት ማቅረብ አቅቶኛል። ልጆቻቸውን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቤት ለማስተማር ያሰቡ ወላጆች አልፎ አልፎ እየመጡ ስለ መጻሕፍትና ስለ አስጠኚ ይጠይቁኛል፤ ስለ ማስረጃ አያያዝ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። እኔም በጊዜው ማንንም አልጠየቅሁም ነበርና የደረሰብኝን ከነጥፋቴ እጽፋለሁ።

የምንኖረው በከተማው ደቡባዊ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳንርቅ ነው። ትልቋ ልጄ ትማርበት የነበረው ትምህርት ቤት በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ሲሆን፣ አስም ስላለባት በብርድ ወራት ብዙ ቀን ትቀር ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 10ኛ ክፍል ነበረች። መምህራኑ በቴሌግራም የሚልኩትን መልመጃ ትሠራለች፤ እኔ ወጥ እየሠራሁ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ ስሕተቱን በቃል አርማታለሁ፤ ደብተሩም ይዘጋል። በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ ሐኪሟን አማክረን ቤት እንድትማር ከባለቤቴ ጋር ወሰንን። ታናሽ ወንድሟ በትምህርት ቤቱ ቀጥሎ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪውን ከወሰደና ካርዱን በእጁ ካደረገ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ተቀላቀላት። ይህን ቅደም ተከተል ለሌሎችም እመክራለሁ፤ የ8ኛ ክፍል ካርድ ያለው ልጅ አንድ ቀን ወደ መደበኛ ትምህርት ልመለስ ቢል ቢያንስ የሚነሣበት ቦታ አለው።

ወደ አያያዙ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እናት ወይም አባት ቤት ውስጥ አዘጋጅተው የፈረሙበት ትራንስክሪፕት፣ በአገራችን መንግሥታዊ ሥርዓት ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ትራንስክሪፕት አይተካም። ልጁ የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ወስዶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ የሚፈልግ ወላጅ፣ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት አስመዝግቦ ሕጋዊው መዝገብ እንዳይቋረጥ ማድረግ አለበት፤ አንዲት ጎረቤቴ ልጇን ማታ አስመዝግባ ቀን ቤት በማስተማር ይህንኑ አድርጋለች። እኛ የያዝነው ሌላ መንገድ ነው፤ ልጄ በግል ተፈታኝነት የካምብሪጅን ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና፣ አይጂሲኤስኢን፣ አዲስ አበባ በሚገኝ የፈተና ማዕከል ወስዳ ወደ ውጭ አገር ኮሌጆች ማመልከት። መንገዱ 9ኛ ክፍል ሳይጀመር ቢወሰን ይሻላል፤ የሚሰበሰበው ማስረጃ በዚያ ይለያያልና።

የጠፋው ሴሚስተር የጠፋው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከላይ እንዳልኩት ማርክ ባለመያዜ ነው። ሁለተኛው፣ ደብተሮቿን በካርቶን አድርጌ ከአልጋ ሥር አስቀምጬ ሳለ፣ የምንኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለሆነ አንድ ሌሊት ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ ውኃው በግድግዳው ወርዶ ካርቶኑን አራሰው። በማግስቱ ሰገነቱ ላይ ብናሰጣውም የእስክሪብቶው ቀለም ተሰራጭቶ፣ ቅጠሉም እርስ በርሱ ተጣብቆ የማይነበብ ሆነ። ከ2 ዓመት በኋላ ማመልከቻ ስናዘጋጅ ባለቤቴ «የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውጤት ደግመሽ ብትጽፊውስ? ልጅቷ ያችው ናት» አለኝ። አልዋሽም፣ አንድ ምሽት ሙሉ አስቤበታለሁ። ነገር ግን ስም ጠሪ ሳለሁ መምህሩ ያልሰጠኝን ማርክ ሮስተር ላይ ሞልቼ አላውቅም፤ ለልጄ ስል ብጀምረው ደግሞ ሌላው እውነተኛ ማርክ ሁሉ በእኔው ዓይን ይረክስ ነበር። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ትምህርት ቤቱ በሰጠን ትራንስክሪፕት አስደግፌ፣ የሁለተኛውን ቦታ «በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ማርክ አልተያዘም» በሚል አጭር ማስታወሻ ሞላሁት። በዚያ ዓመት በብዙ አገር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ማንም ማብራሪያ አልጠየቀንም። ሌላ ዓመት ቢሆን ማስታወሻው ያድነን ነበር ብዬ አላስብም።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት መዝገብ መሠረቱ አንድ ወፍራም ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ነው። በየቀኑ ትምህርት እንዳበቃ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ መስመር ይጻፍበታል፤ ቀኑ፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ ምዕራፉና ገጹ፣ የፈጀው ደቂቃ፣ የተሠራው ሥራ። በመጀመሪያ እሑድ እሑድ የሳምንቱን በአንድ ላይ ለመሙላት ሞክሬ ነበር፤ እሑድ ሲደርስ ግን የማክሰኞውን ከሐሙሱ መለየት አቃተኝ፤ ከትዝታ የሞላሁት ሳምንት ሁሉ አንድ ዓይነት መሰለ። በኋላ ልጆቹ ራሳቸው እንዲጽፉ፣ እኔ ደግሞ ማታ አይቼ እንድፈርም አደረግሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያልተማርንበትንም ቀን ባዶ አንተወውም፤ «ታማ ውላለች»፣ «መብራት የለም፣ ኬሚስትሪ ለነገ ተላልፏል» ተብሎ ይጻፋል። በኋላ መዝገቡን ያየ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያምነው እነዚህን መስመሮች መሆኑን ታዝቤአለሁ።

ደቂቃ መቁጠሩ አላስፈላጊ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን አንድ ሙሉ ክሬዲት ሲባል በልማድ የሚታሰበው በካርኔጊ ዩኒት ነው፤ ይህም ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣ መለኪያ ሲሆን፣ አንድን ትምህርት በዓመት ለ120 ሰዓት መማርን ያመለክታል። ቁጥሩን መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን እኛ የምናውቀው ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ለ36 ሳምንት ሲያዝ 180 ክፍለ ጊዜ፣ ይኸውም 7,200 ደቂቃ፣ ልክ 120 ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። 60 ሰዓት የፈጀ ትምህርት ግማሽ ክሬዲት ነው። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ለ2 ሰዓት በገና ትማር ነበር፤ በመዝገቡ መሠረት በዓመቱ 40 ቅዳሜ ሄዳለች፣ ስለዚህ 80 ሰዓት ነው። ግማሽ ክሬዲት ሙዚቃ ብዬ አስገባሁት፤ አንድ ሙሉ ለማለት ልቤ ቢከጅልም ሰዓቱ አይፈቅድም። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የምታስተምርበትን ጊዜ ደግሞ ከትምህርት ውጭ ባለ እንቅስቃሴ ውስጥ ብቻ ጻፍኩት፤ አንዱን ሰዓት በሁለቱም ቦታ መቁጠር ተገቢ አይደለም።

ከዕለት መዝገቡ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ገጽ መግለጫ ያስፈልጋል፤ የመማሪያ መጽሐፉ ርዕስና እትም፣ የተሸፈኑት ምዕራፎች፣ የተነበቡ ተጨማሪ መጻሕፍት፣ የተሠሩ ሙከራዎች፣ ማርኩ ከምን ከምን እንደተሰበሰበ። ይህን መጻፍ ያለብን ትምህርቱ ሲጀመር ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ የተለወጠውን ማስተካከል ብቻ ይቀራል። እኔ የ11ኛ ክፍሉን ከዓመት በኋላ ስጽፍ፣ ተውሰን ያነበብናቸውን መጻሕፍት ርዕስ ለማስታወስ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመልሼ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞሬአለሁ። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወዲህ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስለተከፈተልን በሳምንት አንድ ቀን እዚያ እየዋለች ታነብ ነበር፤ ያኔ ግን ተምሬ ነበርና ያነበበችውን መጽሐፍ የውስጥ ሽፋን በስልኳ ፎቶ እንድታነሣ አዘዝኳት።

የሳይንስ ሙከራ ብዙ ወላጆችን የሚያስፈራ ቢሆንም መውጫ አለው። በካምብሪጅ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ቤተ ሙከራ ገብቶ ከመፈተን ይልቅ ስለ ሙከራ አሠራር በወረቀት የሚጠየቅበት አማራጭ ስላለ፣ ልጄ የተፈተነችው በእርሱ ነው። ቢሆንም ሙከራን በእጁ ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ያንን ወረቀትም አይሠራውም። እኛ በሎሚ፣ በሆምጣጤ፣ በአመድ ውኃና በቀይ ጎመን ጭማቂ አሲድና ቤዝ ለይተናል፤ በክርና በድንጋይ የፔንዱለም ጊዜ ለክተናል። ለእያንዳንዱ ሙከራ ዓላማ፣ መሣሪያ፣ ሠንጠረዥና መደምደሚያ ያለው ሪፖርት ጽፋለች፤ እነዚህ ሪፖርቶች የታረሙ ሥራዎችን ከማስቀምጥበት ቦክስ ፋይል ውስጥ ዋጋ ያላቸው ሆነው የተገኙት ከፈተና ወረቀቶቹ እኩል ነው።

ስለ ማርክ ስናገር ማፈሬ አልቀረም። የ11ኛ ክፍል ሒሳብ 94 ሰጥቻት ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተፈተነችው የአይጂሲኤስኢ ውጤት በነሐሴ ሲመጣ ሒሳቧ ቢ ሆነ። ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ፈተናውን የማወጣው እኔ፣ ጥያቄዎቹም በዚያው ሳምንት አብረን የሠራናቸው ቁጥራቸው የተለወጠ ጥያቄዎች፣ ሰዓቱ ሲያልቅ «ትንሽ ጨምሪ» የምለውም እኔው ነበርኩ። 94ቱን ግን አልቀነስኩትም፤ ያኔ የያዝኩት ማርክ እርሱ ነው፣ ከፈተናው ውጤት ጎን ሆኖ ይታይ። ከዚያ ወዲህ ለወንድሟ የማጠቃለያ ፈተና የምሰጠው ካምብሪጅ ካሳተማቸው ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ሲሆን፣ የማርመውም ከፈተናዎቹ ጋር በወጣው የማረሚያ መመሪያ ነው። እንግሊዝኛ ድርሰታቸውን ደግሞ በብሎካችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር እንዲያርሙልን ለመንኳቸው። ጋሼ የመጀመሪያውን ድርሰት 61 ሰጥተው ሲመልሱልኝ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም፤ «ልጄ፣ አንቺ የምታርሚው ልጅሽን ነው፣ እኔ ወረቀቱን ነው» አሉኝ።

ማርክ የሚያርመው ሰው ማንም ይሁን፣ የታረመው ወረቀት ራሱ መቀመጥ አለበት። ትራንስክሪፕት አንድ ገጽ ማጠቃለያ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ሲመጣ የሚያስፈልገው ከጀርባው ያለው ነው። እኔ በየሴሚስተሩ ከእያንዳንዱ ትምህርት የማጠቃለያ ፈተናውን፣ ሁለት የቤት ሥራዎችና አንድ ረጅም ጽሑፍ፣ የተሻለውን ብቻ ሳይሆን ደካማውንም ጨምሬ አስቀምጣለሁ። ቦክስ ፋይሉ አሁን ከቁም ሣጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ዓርብ ማታ የሳምንቱን ወረቀት በስልክ ፎቶ እናነሣለን፤ አንዱ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላው ባሕር ማዶ ያለች እኅቴ ኢሜይል ውስጥ ይቀመጣል።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብን ግን ትምህርቱን የማይመለከት ነገር ነው፤ ቀንና ስም። የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትራንስክሪፕት ስጽፍ እጄ በለመደው ልማድ 9ኛ ክፍል 2011፣ 10ኛ ክፍል 2012 እያልኩ ሞላሁ። ባለቤቴ ከላይ ያለውን የልደት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር 2004 ተጽፎ አይቶ፣ «ይቺ ልጅ በ7 ዓመቷ ነው እንዴ ዘጠነኛ የገባችው?» ብሎ ሣቀ። ከዚያ በኋላ 2018–2019፣ 2019–2020 እያልኩ በሁለቱ ዓመታት ስም ጻፍኩት፤ በግርጌው የእኛ የትምህርት ዘመን ከመስከረም እስከ ሰኔ መሆኑን አስገባሁ።

የልደት ቀኗ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበር። የተወለደችው የከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ስለሚውል ከተራን ጃንዋሪ 18 ብዬ በትራንስክሪፕቱም በመግለጫውም ጻፍኩ። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን ጃንዋሪ 19 ነው፤ ትክክለኛውም እርሱ ነው። ምክንያቱም 1995 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ስለነበር የ1996 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ በእንዲህ ያለ ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል፣ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ይውላል። ሰነዶቹን ለማረም ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ልጃችሁ የተወለደው ከእንዲህ ያለች ጳጉሜን በኋላ ባሉት ወራት ከሆነ፣ ቀን ቀንሶ ወይም ጨምሮ ከማስላት ይልቅ ፓስፖርቱን ወይም የልደት ምስክር ወረቀቱን አይታችሁ ገልብጡ።

ስምም እንዲሁ ነው። በአያቷ ስም ውስጥ ያለው «ጸ» በልደት ምስክር ወረቀቷ በ«ኤስ» ፊደል ብቻ፣ በፓስፖርቷ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ በቀድሞ ትምህርት ቤቷ ትራንስክሪፕት ደግሞ በሌላ አጻጻፍ ነበር። አንዱን መርጠን፣ የፓስፖርቱን፣ ከዚያ በኋላ በተጻፈው ሁሉ ያንኑ ተጠቀምን፤ የቀድሞ ትምህርት ቤቷንም አስቸግረን አስለወጥን። ካምብሪጅ የጠፋ ሰርተፍኬት በሌላ ሰርተፍኬት ስለማይተካ፣ ውጤቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ለፈተና ስንመዘገብ ስሟን ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ አንብበናል። የማዕከሉን ቁጥርና የተፈታኝ ቁጥሯንም በዕለት መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩ።

የስም ነገር እኔንም አገኘኝ። ወደ አሜሪካ ኮሌጆች በኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች ማመልከት በሚቻልበት ድረ ገጽ) በኩል ሲያመለክቱ፣ ቤት የተማረ ልጅ ወላጅ የአማካሪውን ቦታ ይዞ የትምህርት ቤት ሪፖርቱን፣ ትራንስክሪፕቱንና «ትምህርት ቤቱን» የሚገልጸውን ጽሑፍ ያስገባል። እኔ በአባቴ ስም፣ ልጄ በአባቷና በአያቷ ስም ስለምንጠራ፣ የኢትዮጵያን አጠራር ለማያውቅ አንባቢ የማንዛመድ ሁለት ሰዎች እንመስላለን። ስለዚህ በመግለጫው ውስጥ አንድ አንቀጽ ለዚህ ሰጠሁ፤ የቤተሰብ ስም እንደሌለን፣ ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትለውጥ፣ እናቷ መሆኔን ጻፍኩ። በዚያው ጽሑፍ የምንሰጠውን ማርክ ትርጉምም አስቀመጥኩ፤ ከ100 የተያዘውን ቁጥር ሳልለውጥ፣ ከጎኑ በ4.0 የሚሰላውን ጂፒኤ እንዴት እንዳወጣሁት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አያያዝኩ። የድጋፍ ደብዳቤ ግን እኔ አልጻፍኩላትም፤ ጋሼና የበገና መምህሯ ጻፉላት። ከአመለከተችባቸው ኮሌጆች አንዱ ተቀብሏታል።

ወንድሟ 9ኛን እና 10ኛን ቤት ጨርሶ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ሲፈልግ፣ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለ11ኛ ክፍል ልናስመዘግበው ሄድን። የሪከርድ ክፍሉ ሠራተኛ ትራንስክሪፕቱን ገልበጥ አድርጎ «እናቴ፣ ይህን የፈረመበት ማነው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እርስዎስ ማን ነዎት?» ጥያቄው አላስቀየመኝም፤ እኔም በእርሱ ቦታ ሆኜ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ። ቦክስ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሚኒስትሪ ካርዱን አየ፤ የዕለት መዝገቡን ከመካከል ከፍቶ ጥቂት ገጽ አነበበ፤ ከዚያ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ማጠቃለያ ፈተናውን አወጣ። በቀይ እስክሪብቶ 58 ይላል።

«ይህን ለምን ከፍ አላደረጉትም?» አለኝ፣ ግማሽ በቀልድ።

«ያመጣው እርሱን ነው።»

ፋይሉን ይዞ ወደ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገባና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። የመግቢያ ፈተና በሦስት ትምህርት እንዲወስድ፣ ካለፈ 11ኛ እንዲገባ፣ ባዮሎጂን ግን በክረምት ማጠናከሪያ እንዲማር ተባለ። ፈተናውን አልፏል። ሠራተኛው የሚፈልገውን ኮፒ አድርጎ ዋናውን ሲመልስልኝ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ የዕለት መዝገቡን ከፍቼ ቀኑን፣ የትኞቹ 14 ወረቀቶች ኮፒ ተደርገው እንደተወሰዱና ማን እንደተቀበለኝ ጻፍኩ፤ እርሱም ሳልጠይቀው እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ከጎኑ ፈረመልኝ።